የከርሞ እንጨት

ሰኞ ገበያ ነው፤ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ከዘነቡ አህያ እንጨቱ ተራግፏል።
«ደረቅ ነው» ትላለች፣ «ወላሂ ደረቅ ነው፣
ከተቆረጠ እንኳ ሦስት ወር ያለፈው።»

እኔ አልከራከርም። ሁለት ፍልጥ አነሣሁ፣
ግንባር ለግንባር አድርጌ መታሁ።
ደረቅ እንጨት ሲጋጭ እንደ ቃጭል ይላል፣
እርጥቡ ግን «ዱብ» ነው፣ ሆዱ ውሃ ይዟል።
ጫፉንም አየሁት፣ ገና አልተሰነጠቀም፣
ልጡ ከገላው ላይ እንደያዘ ነው፣ አልለቀቀም።
ባህር ዛፍ ነው፤ ዛሬ ከብረት ምድጃዬ ቢገባ፣
ጫፉ አረፋ ደፍቆ፣ ለኛ ትርፉ እንባ።
ሦስት ወር ምኑ ነው? ክረምቱን ጠጥቶ፣
በጋ ይፈልጋል ፀሐይ ላይ ተኝቶ።

«ስንት ነው?» ስላት ዘነቡ ገረማት፣
«እርጥብ ነው አላልክም?» «ለከርሞ ነው» አልኳት።
ሳቀች። «እስከ ከርሞ ማን ያውቃል?» አለችኝ።
ዝም አልኩ። እኔም ያቺ ጥቅምት አለችኝ።

ያኔ ክምሩን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቄ፣
ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ቆርቆሮ አጥብቄ፣
ንፋስ እንዲያደርቀው ለወራት ትቼ፣
አንድ ሌሊት ወጣሁ ልጆቼን ጎትቼ።

ስንመለስ ክምሩ በግማሽ ጎድሏል፤
ማን እንደ ሞቀው እንጃ፤ ብቻ ሰው ሞቆታል።
ወይራውን፣ ደረቁን፣ እያንኳኳ መርጦ፣
እርጥቡን ትቶልኛል፣ ልጡን ወደ ላይ ገልብጦ።
ቆርቆሮውን መልሶ ድንጋይ ጭኖበታል፤
ጠላትም ይሁን ወዳጅ፣ እንጨት ያውቅ ኖሯል።

ብሩን ቆጠርኩላት። ዘነቡ ዝም አለች።
እርጥቡን መልሰን ጫንን፤ አህያዋ ዳገቱን ጀመረች።