በሃይላንድ የተቀዳ ሐይቅ

ሐምሌን ሙሉ «ቅዳሜ» እያልኩ ሸነገልኳት፤
ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ዝናቡን ከሰስኩላት።
ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ፣
እንደ በረደው ሽማግሌ ጉልበቱን አቅፎ፣ ተሰብስቦ፤
የፒያሳ ቦይ የጠፋ ጫማ እያንከባለለ ሲወርድ፣
እኔም ከመለዋወጫ ሱቄ ብሎንና ኩሽኔታ ስነግድ።

አራት ዓመቷ ነው ረውዳ።
ቀን መቁጠር አትችልም፤ ቃል ግን ትቆጥራለች፣ እንደ ዕዳ።
«አባየ፣ ቅዳሜ ዛሬም ታማለች?»
ስትለኝ፣ ሰዓዳ ፊቷን አዙራ ትስቃለች።

በነሐሴ ማለቂያ፣ አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ተተረተረ፤
የጎረቤታችን ዝገታም ቆርቆሮ እንኳ አማረ።
ሱቁን ሳልከፍት ቀረሁ። «ዛሬ ሐይቅ እንሄዳለን» አልኩ።
ሐይቅ ከተማው ነው፣ ሐይቅ ውኃው ነው፤ የቱን እንዳልኩ
አልጠየቀችም። ሮጣ ባዶ ሃይላንድ አመጣች፤
«ለቤታችን ትንሽ እንቀዳለን» አለች።

ከመናኸሪያ፣ ሚኒባስ። ረውዳ በአንድ ጭኔ፣
በሌላው የሰዓዳ ዘንቢል፤ የታለሁ እኔ?
ቅቅል ድንች፣ ቆሎ፣ ቅያሪ ቀሚስ፣
ጃንጥላ፣ ጎዶሎ ካልሲ፣ ደግሞ ብርድ ልብስ!
«ሐይቅ ነው ወይስ ሐጅ የምንሄደው?» ብላት፣
«ልጅ ይዘህ ወጥተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ዝም አልኳት።

እውነቷን ነው። እኔንስ ማን አውጥቶኝ ያውቃል?
አባቴ ይማም ለጉዳይ ካልሆነ መች ከቤት ይርቃል?
ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፤
ውኃ ለማየት ብቻ መሳፈርን ቢሰማ ኖሮ፣
«ባልዲው ተሰብሮ ነው?» ባለ ነበር።

ቦሩ ሜዳ ላይ የገብሱ አረንጓዴ መስኮቱን ሞላው፤
«አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ» ብላ ላም ቆጠረች፤ ቀረ ሌላው።
ቁልቁለቱን ስንይዝ ብርዱ ከትከሻችን ወረደ፤
እሸት በቆሎ የያዙ ልጆች ሮጡልን፤ መኪናው አልቆመም፣ ሄደ።

ከዚያ ታጠፍን። ታየ።
«ዋ!» አለች። አፏ እንደተከፈተ ቆየ።
ከዚያ በሹክሹክታ፣ ያ ሁሉ ውኃ እንዳይሰማ፦
«አባየ፣ ማነው ያፈሰሰው?»

ሰዓዳ እኔን አየች፤ እኔ ደንገሉን።
«አልፈሰሰም፤ ተኝቶ ነው» አልኳት፣ ሌላ መልስ አጥቼ።
እንዳይነቃ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤
በጣቶቿ ጫፍ ገባች፣
እኔ ዋና የማልችለው እጇን አንቄ፣ ፈርቼ።

አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ እንድሪስ የሚሉት፣ ከታንኳው ቆሮሶ አነሣ፤
«ለምን ይንቀጠቀጣል? በርዶት ነው?» አለች፣ ልብስ ልታለብሰው ተነሣ...
ተነሥታ፣ የራሷን ካልሲ ይዛ።
ሰውየው ሳቀና ወደ ውኃው መለሰው።
ምሳ ላይ የበላነው ወንድሙን ነበር። አልነገርናትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ነገር አሰበ፤
ወዲያው ዘነበ።
ከጎሚስታ ቤት ጥላ ሥር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተደራርበን
ያ የሳቅኩበት ብርድ ልብስ ሦስታችንን ሸፈነን።
ረውዳ ሃይላንዷን እንዳቀፈች እንቅልፍ ጣላት፤
ቀስ ብዬ ወስጄ ኮቴ ኪስ ከተትኩላት።

ክዳኑ ልል ነበር።
ዳገቱን ስንወጣ ጎኔን በረደኝ፤ ቦሩ ሜዳ ላይ ጭኔን፤
ደሴ ስንገባ ጠርሙሱ ባዶ፤ ሐይቁ ወርሶታል ካልሲዬን።
«ከቧንቧ ሙላው፤ አታውቅም» አለች ሰዓዳ።
ቧንቧው ሥር ቆምኩ። ከፈትኩት።
ሐምሌ ትዝ አለኝ።
ዘጋሁት።

ጠዋት ቀድማኝ ተነሣች። ባዶውን ወደ መስኮቱ አንሥታ
በአንድ ዓይኗ አየችው፤ እኔ ምላሴን አስሬ፣ ለእንባዋ ተዘጋጅቼ።
«ሄዷል» አለች።
«የት?»
«ቤቱ። መሽቶበት ነዋ! እናቱ ትቆጣዋለች።»

ከዚያ በገመዱ ላይ የተሰጣውን ኮቴን አየች፤
ጠብ... ጠብ... ይላል።
«ይሄኛው ግን ሰነፍ ነው» ብላ
ከሥሩ የሻይ ብርጭቆ አኖረች።