ሁመሩ የበላው ሐዲድ

ደቻቱ ሲደርቅ፣ አሸዋው ሲያበራ፣
ከወልዩ መቃብር፣ ከነጩ አጥር ጋራ፣
አንድ ሁመር አለ።
ስለ ዕድሜው ስንቱ ሰው እንደየልቡ አለ፤
ሼህ ሮብሌ ግን፣ የአጥሩን ቁልፍ የያዘው፣
«ዕድሜ ለሚሞት ነው» ብሎ ነው የሚያልፈው።
ባቡሩ ሳይደርስ፣ ድሬ ድሬ ሳትባል፣
ግመል ከጥላው ሥር ያርፍ ነበር ይባላል።

አበባው ደቃቃ፤ ቢጫ ላይ ቀይ ጅማት፤
አንገቱን ላላቀና የለም የሚታይለት።
ረግፎ መቃብሩን ዳር እስከ ዳር ሲያለብስ፣
ጭማቂ ሻጭዋ ዴቃ፣ መጥረጊያዋን ጥላ፣
«ተዉት» ትላለች፣ «ልብስ ነው፤ ይልበስ።»
ሲመሽ ቅጠሉን አንድ በአንድ ያጥፋል፤
ሱቁን እንደሚዘጋ ነጋዴ ይተኛል።

ጎርፉ የመጣ ለት፣ በዚያ ክፉ ሌሊት፣
ቆርቆሮና በርሜል፣ አልጋና የሰው ቤት
ውሃው ይዞ ሲነጉድ፣
ዛፉ ግን አልሄደም። ትልቁ ክንዱ ብቻ
ተንጋዶ ቀረ፤ ነፋስ በነካው ቁጥር ያቃስት ጀመር።

ስሙ የዝናብ የሆነው ሮብሌ
ዴፖ ድረስ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ፣
«ብረት ትበይዳለህ አሉኝ» አለኝ፤ ደግሞ
ትንሽ ዝም ብሎ፣
«ለሽማግሌ ከዘራ ትሠራለህ?»

ከጓሮው፣ ከዛገው ክምር፣
አንዲት ሐዲድ ነበረች፣ የምትመስል የማትቆጠር፤
ስንት የጨው ጆንያ፣ ስንት የጫት እስር፣ ስንት ሙሽራ
አልፎባታል በተራ በተራ።
ስድስት ሜትር ቆረጥኩ።
ጫፏን እንደ መዳፍ ዘርግቼ በየድኩ፤
ክንዱን እንዳትወጋ ጆንያ አልብሼ
አቆምኳት ከሥሩ፣ በሌሊት ገስግሼ።
ፈቃድ? አልጠየቅኩም።
ሮብሌ ዱዓ አደረገ፤ እኔ አማተብኩ፤
ከዚያ ሁለታችንም ዝም።

ዓመታት አለፉ። ባቡሩም ዝም አለ።
አንድ ቀን ከቢሮ፣ መዝገብ ያንጠለጠለ
ቆጣሪ ልጅ መጣ፦ «አንዲት ሐዲድ ጎድላለች፤
በአንተ ዘመን ነው አሉ። የት ገባች?»

ወስጄ አሳየሁት።
ቅርፊቱ፣ ኩፍ እንዳለ ሊጥ አብጦ፣
መዳፏን ከነአንገቷ ጨርሷታል ውጦ።
«ተበልታለች» አልኩት።
«ማን በላት?» አለ፣ ብዕሩን አሹሎ።
እኔ ዛፉን አየሁ። እሱም አየ፣ ቀና ብሎ።
ፊቱ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት፤
ከቁጥሯ ትይዩ
«በሥራ ላይ ናት» ብሎ ጻፈላት።

ሮብሌ አሁን የለም፤ ከአጥሩ ጥግ ነው ያለው፤
አፈሩን የሚያለብሰው ያው አበባው ነው።
ቁልፉን ዴቃ ይዛዋለች።
እኔም በከዘራ አንዳንዴ እመጣለሁ፤
ከሥሩ ቁጭ ብዬ ወደ ላይ አያለሁ፤
ማን ማንን እንደደገፈ አልለየሁም እስካሁን።
ጆንያውስ የት ገባ?
እሱንም በልቶት ይሁን?