ፊቷን ወደ ግድግዳው

ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆጣሪ አንብቤያለሁ፤
በየሰዉ አጥር ሥር ጎንበስ ቀና ብያለሁ።
ሁለት ጊዜ ውሻ ነክሶኛል በሥራዬ፣
አንዴ ባቴን፣ አንዴ ካፖርቴን ከኋላዬ።
«ጨምረህ ጻፍክብን!» ያላለኝ ደጅ የለም፤
አልተቆጣሁም፣ አልማልኩም።
ባትሪዬን አብርቼ «ይምጡ» እላለሁ፣ «እመቤት፣
ጎንበስ ይበሉ ከእኔ ጋር፣ ቁጥሩን ራስዎ ያንብቡት።»
ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው
ገንዘቡ እንጂ ነገሩ አይቆጨው።

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ።
ደረጃው ስልሳ አራት፣ ጉልበቴ ሁለት፣
እነሱም የተኳረፉ፣ አንዱ ሲነሣ አንዱ የሚተኛበት።
የቅድመ ክፍያው ቆጣሪ ማታ «ጢጥ ጢጥ» ካለ፣
የነገው ቀኔ ለሰልፍ ተከፈለ፤
የታክሲ ሰልፍ፣ የቢሮ ሰልፍ፣ መስኮቱ ጋ ስደርስ «ሲስተም የለም»፤
ከዚያ ስልሳ አራቱን ወደ ላይ፣ ባዶ እጄን፣
እየቆጠርኩ፣ እንደ ጥንቱም።

ልጄ አዳማ ነው። ሲመጣ ስልኬን ይነጥቀኝና
ነካ ነካ አድርጎ «ይኸው አለቀ!» ይለኛል።
ለእሱ አለቀ።
ለእኔ ገና አልተጀመረም።

ሲፈን ግን፣ ከታች ያለው የባለ ባጃጁ ልጅ፣ መጣች እሑድ ከሰዓት፤
ስልኬን ከመሐረቡ ፈታሁላት።
«ደረሰኙስ? ማኅተሙስ? የሚፈርመው ማነው?
ብሬ መንገድ ላይ ቢቀር፣ የማንን በር ላንኳኳው?»
አልሳቀችም።
ፊደሉን አጎላችልኝ፤ እጇን ከኋላዋ አጣመረች፤
«ይንኩት ጋሼ፣ አይነክስም» አለች።
ይህችን ቃል አውቃታለሁ፤
የውሻ ባለቤት ሁሉ እሷን ነበር የሚለኝ።

ደግሞ፣ «የሚስጥር ቁጥር፣ ስድስት አኃዝ፤
ለማንም አይንገሩ፣ ለእኔም ቢሆን» ብላ ተነሣች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
ቀለሙ የተላጠው ላይ አፍጥጣ ቆመች፣
እንደ ድብብቆሽ ልጅ፤ እሷ ቆጣሪ ሆነች።
ጣቴ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ሳትኩ፣ አንዴ ስስል ጠፋብኝ።
አልዞረችም።
የውሃ ቦቴ መጣ፣ ሰፈሩ በጀሪካን ተተራመሰ።
አልዞረችም።
ያቺን የድሮ ባትሪዬን
ጀርባዋ ላይ በርታ አየኋት።

ለሙከራ አንድ ብር፣ ጓዳ ላለችው ለይርገዱ።
ልኬ ተነሣሁ በከዘራዬ፣ ልቅደመው ብዬ በመንገዱ።
ቀደመኝ።
ሽንኩርቱ አጠገብ ስልኳ ጮኸ።
«ከባልሽ ነው!» ስላት፣
«አርባ ሰባት ዓመት ኖሬ፣ ይኸው አንዲት ብር!»
ብላ፣ እዚያው ቆማ፣ መልሳ ላከችልኝ።
ለካ እሷ ከእኔ ቀድማ ተምራ ኖሯል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ድምፅ ደወለ፣
ለስላሳ፣ «አባባ» እያለ፤
«ሽልማት ወጥቶልዎታል፣ ቁጥሯን ብቻ ሹክ ይበሉኝ።»
ዝም አልኩ። አሰብኩ።
የሚታመን ሰው ፊቱን ያዞራል፤
ይሄኛው አንገቱን ያሰግጋል።
«ልጄ» አልኩት፣ «እስቲ መጀመሪያ
ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር።»
ዘጋው።

ዛሬ ማታ ቆጣሪው ጮኸ።
ጋቢዬን ከላዬ ሳልጥል፣ እዚሁ ሶፋ ላይ ከፈልኩ።
ቁጥሩ መጣ፣ ረጅም ነው፤ ይርገዱ ቆጣሪው ሥር ጎንበስ አለች፣
እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትጫናለች፤
«ሰባት አልክ ወይስ አራት?» «ሰባት፣ ሰባት!»
ገባ።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ መብራቱ ሄደ።
የእኛ ብቻ አይደለም፣ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ።
ስልኩ ብቻ በእጄ በርቶ የሁለታችንንም ፊት ያሳያል።
«እሱንስ» አለች ይርገዱ በጨለማው፣
«በስልክ የሚጠራ አለ?»