ፀሐይ የጻፈችው

አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር፣
የመስታወት ኳስ አለ ፀሐይን ሲቆጥር።
ከጀርባው ሸርተት ይላል ሰማያዊ ካርድ፣
ሰዓት የታተመበት፣ ለየቀኑ አንድ።
ጨረሩ ሲያተኩር ጥቁር መስመር ያሰምራል፣
ደመና ሲጋርደው ቃጠሎው ይቆማል።
እንዲህ ነው ፀሐይ የምትፈርመው፣
ብዕሯ እሳት ነው፣ ቀለሟ ጢስ ነው።

ጋሽ እንየው ፈንታ፣ ሠላሳ አንድ ክረምት፣
ማታ ካርድ አውጥቶ፣ ቀን ጽፎበት፣
በብስኩት ቆርቆሮ፣ ዓመት በዓመት፣
ያጨቀውን ትቶልኝ ጡረታ ሲወጣ፣
አብሮ ተወልኝ አንድ ያልተፈታ ጣጣ፦

«ባሥራ አንድ ዓመት አንዴ ፊቷ ይዥጎረጎራል፣
ነጠብጣብ ይበዛል፣ መልሶ ይጠራል።
ሲጠራስ? ያን ጊዜ ክረምቱ ይዘገያል?
መገጭ ይጎድላል? አንገረብስ ይሞላል?
እኔ እንጃ፣ አንቺ ልጅ። አንቺ ቁጠሪው፣
የእኔ ዓይን ደክሟል፣ ያንቺ ገና ነው።»

ቆጠርኩ።
አንድ ዓመት ገጠመ፣ ልቤ ዘለለ።
ሁለተኛውም እሺ፣ ሦስተኛው ዋለለ።
ክረምቱ ዘገየ ስል ግንቦት ላይ ቀደመኝ፣
እርሳሴን ሳላነሳ በረዶ ደበደበኝ።

አንድ ቅዳሜ፣ ፋሲል ግቢ፣ ከግንቡ ጥላ፣
ድንጋዩን ስዳብስ ትዝ አለኝ ሌላ፦
ይህ ቅስት ታጥፎ ጥቂት ዓመት ሲያልፍ፣
የፀሐይ ፊት ጠራ፣ ጠፋባት ጉድፍ፤
ሰባ ዓመት ያህል።
በፈረንጅ አገር ወንዝ እንደ ሞራ ረግቶ አደረ፣
ገበያ ቆመበት፣ እሳትም ተጫረ።
እዚህስ? እዚህ ማን ጻፈ? ማን ለካ?
ድንጋዩም ዝም አለኝ፣ በመዳፌ ብነካ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ቆርቆሮውን ከፍቼ፣
የእሱን ዘመንና የእኔን አስተያይቼ፣
ፀሐይ ያው ናት፣ ልዩነቷ ከሺህ አንድ፤
ቴርሞሜትሩ ግን ወጣ በራሱ መንገድ።

«እሷ አይደለችም» ብዬ ደወልኩለት ማታ።
ዝም አለ። ሳለ። ቆየ ለአንድ አፍታ።
«እንግዲያ ማንን ልጠርጥር?»
ከመስኮቴ ውጭ፣ ናፍጣ ጠጥቶ፣
አይሱዙ አቀበቱን ያዘ አጓርቶ፣
ጭሱን ለሰማይ ትቶ።
አልመለስኩለትም።

ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣
ከአዲሱ ካርድ ጢስ ወጣች፣ እንደ ክር ተመዛ፣
የቃጠሎው ሽታ በጣቴ ላይ ወዛ።
የእሷ ፊርማ ይኸው።
ወደ ቀትር ደመና መጣ፣ መስመሩ ተቋረጠ።
ቀኑን ጻፍኩበት።
ቆርቆሮው ግን ሞልቷል፤
ሌላ ብስኩት መግዛት አለብኝ።