የደረሰኙ ጀርባ

ከጉባኤው ኋላ ሰዎች ይከቡኛል፣
«ይህ መዝሙር በየትኛው ጾም ተሰጠህ?» ይሉኛል።
ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ጥቁር አንበሳ ነበር፣ በሐምሌ፣ ማታ፤
ሊፍቱ ቆሞ፣ ሰው በደረጃ ሲንገላታ፤
የእህቴን የደም ደረሰኝ ይዤ፣
ግድግዳ ተደግፌ፣ ተክዤ፣
ወይዘሮ ዱሬቲን (ስሟን ኋላ ሰማሁ)
ጎረምሳ ልጇን አዝላ ስትወጣ አየሁ።

ሦስት ደረጃ፣ ቆም። ሦስት ደረጃ፣ ቆም።
«እናግዝሽ» አልናት፤ እሺ አላለችም።
በየማረፊያው፣ ትንፋሿን ስታጠራቅም፣
«አይዞህ የኔ አባት፣ እዚህ ያደረሰን አይጥለንም።»
እሱ ዝም።

እስክሪብቶ ከዘበኛው ከሎምባሞ ተውሼ፣
በደረሰኙ ጀርባ ጻፍኩት፣ ዓይኔን በክንዴ አብሼ።
ቃሉ የሷ ነው። ዜማውም የሷ፤
ሦስት ምት ሄዶ የሚቆመው ትንፋሿ።
ኪቦርድ መቺው «እዚህ ጋ ክፍት ነው፣ ልሙላው» ሲለኝ፣
«እናት እያረፈች ነው» ማለት አቃተኝ፤
ብቻ «ተወው» አልኩት።

ስድስተኛ ፎቅ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።
እሑድ፣ አራት ኪሎ፣ አዳራሹ እጁን ሲያነሳ እኔ አልዘምርም፤
ደረጃ እቆጥራለሁ።