ቀለበት

የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
አዌቱ ሞልቶ ድልድዩ ሥር ያጉረመርማል።
መብራት ሄዶ መጣ፤ ጄኔሬተሩ እያሳለ ተነሣ፣
ማሞቂያው ሣጥን ግን ሙቀቱን አልረሳ፤
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ልክ እንደ ሰው ገላ፣
በውስጡ አንድ ነገር ሌሊቱን ሲባዛ፣ ሌሊቱን ሲበላ።

ሳህኑን አወጣሁ። ቁጥር አርባ አንድ። ሙዲና አባ ዲጋ።
ኮቺ ገበያ አቮካዶ ቸርቻሪ ናት፤
ትናንት ጠዋት ብልቃጧን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና
«ያቃጥለኛል» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ሦስተኛ ወሯ ነው።
መጀመሪያ ጎረቤቷ ከትራሷ ሥር የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠቻት፣
አራት ፍሬ፣ «ለእኔ ፍቱን ነበር» ብላ።
ከዚያ መርካቶ፣ ከፋርማሲው መስኮት፣ ሲፕሮ፣
ግማሹን ብቻ፤ ለሙሉው ብሯ አልሞላ።
በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። የዳነች መሰላት።
እሳቱ ግን ተዳፍኖ ነበር።
(ልፍረድባት እንዴ? የኔም መሳቢያ ሲከፈት
ስድስት የተረፉ ፍሬዎች ይንኳኳሉ።)

ይኼ ተህዋስ ሞኝ አይደለም።
በፊኛ ግድግዳ ላይ በቀጭን መንጠቆ ይሰቀላል፣
ሽንት እንደ ጎርፍ ቢወርድበት ንቅንቅ ሳይል ያድራል፤
ንፍጥ መሳይ ቤት ሠርቶ ዘመድ አዝማድ ይጠራል፣
አንዱ መድኃኒት ማምለጫ ከተማረ፣ ብልሃቱ
እንደ ዕድር ድስት ከቤት ቤት ይዞራል።
የበግ ደም ባለበት ሳህን ላይም አየሁት፤
በዙሪያው ቀዩን ሁሉ ጠርጎ በልቶታል።

ስድስት ነጫጭ ክቦች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህሉ።
መድኃኒቱ ከሠራ ዙሪያው ይጠራል፣ ቀለበት ይሆናል።
አምፒሲሊን፦ እምቢ።
ኮትሪሞክሳዞል፦ እምቢ።
ሲፕሮ፦ እምቢ፤ እስከ ጠርዙ ተጠግቶ በቅሏል።
ሴፍትሪያክሶን፣ ያ የምንመካበት መርፌ፣
እሱንም እምቢ ብሎታል።
ጄንታሚሲን ላይ ትንሽ አመነታ፤
በማስመሪያ ለካሁት፤ አይበቃም።

እምቢ ማለት የጀግና ነው ሲሉን አድገናል፤
ማን ለማን እምቢ እንደሚል ግን
የነገረን የለም።

አንዷ ብቻ፣ ዳር ላይ ያለችው፣ ሜሮፔነም፣
ጥርት ያለ ቀለበት አጥልቃለች።
ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ።
የእኛ ፋርማሲ ካለቀበት ሰነበተ፤ ከውጭ ነው የሚገዛው።
ዋጋውን ስነግራት አልጮኸችም፣ አልተከራከረችም፤
ወደ ጣቶቿ አየች።

በማግሥቱ መጣች። ዝናቡ አባርቷል።
በጥቁር ፌስታል ሃያ አንድ ብልቃጥ፣
ለሰባት ቀን፣ በቀን ሦስቴ።
«ይኼንንስ እስከ መጨረሻው» አልኳት።
«እስከ መጨረሻው» አለች።
ወረቀቱን ስትቀበለኝ ግራ እጇ ላይ አየሁት፤
ለዓመታት ፀሐይ ያልነካው አንድ ስስ ክብ፣
ጥርት ያለ፣
በሳህኔ ላይ እንዳየሁት።