ነፋስ አዝዬ

በጥቅምት መጨረሻ፣ ግራዝ ቅጠል ሲያፈስ፣
ከመሣሪያ ሱቁ ገባሁ ላዝል ነፋስ።
ሻጩ ሌዮፖልድ ነው፣ ጢሙ ዝንጅብል መሳይ፣
ሁለቱን ደረደረ ከባንኮኒው በላይ።
አንደኛው ቤንዚን ነው። «እርጥብ ቅጠል» ይላል፣
«ከድንጋይ ላይ ሳይቀር ልጦ ይጥልልሃል!»
ጉራውን ሲነፋ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣
ከሱቁ ወለል ላይ አቧራው ተነሣ።
ሁለተኛው ባትሪ፤ ድምፁ ያንሾካሽካል፣
ዋጋው ግን ከሩቁ፣ ከመስኮት ይጮኻል።

ቤንዚኑን አሳዝሎኝ ማስነሻውን ሳበ፤
አሥራ አንድ ኪሎ ነው፤ ትከሻዬ ገጠበ።
ድሮ በዚህ ጀርባ ልጄን ነበር የማዝል፤
እሷስ እንዲህ አልጮኸች፣ ጥርስ እንኳ ስታበቅል።
ወገቤ ዕድሜዬን በጀርመንኛ ጠየቀኝ፤
በአማርኛ ዋሸሁት፤ እሱ ግን አወቀኝ።

የምጠርገው ግቢ ጡረተኛ ያድርበታል፤
የሄድቪግን ዓይኖች ጉም ሸፍኗቸዋል።
ከሊንደኑ በታች በጠዋት ተቀምጣ፣
ቅጠል ሲወድቅ ሰምታ «ሌላ እንግዳ መጣ!»
ትለኛለች።
ያን ቤንዚን ባስነሣ እንግዶቿ ሁሉ፣
ሻይ እንኳ ሳይጠጡ አጥር ይዘላሉ።

ባትሪውን ገዛሁት፣ በስድስት ወር ብድር።
«ኃይሉ ያንሳል» ቢለኝ፣ «ይነስ፤ ሰው ግን ይደር!»

በማግሥቱ ነፋሴን አዝዬ ግቢውን አዳረስሁ፤
እርጥቡ ከድንጋይ አልላቀቅ ብሎኝ በጥፍሬ ጫርሁ፤
ከአግዳሚዋ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ አጠፋሁ።

«ማነው?» አለች ሄድቪግ።
«ነፋስ ነኝ» አልኳት።
«ነፋስማ» አለች ስቃ፣ «እንዲህ አያለከልክም፤
ና ቁጭ በል፤ ከጠዋት ጀምሮ ካንተ በቀር ማንም አልመጣም።»